ሮቦት ታጥቆ መራመድና የነርቭ ህመም፦ መጀመሪያ ደብተር ያዙ

ውስጥ እግሬን በመርፌ ብትወጉኝ አላውቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ያው ውስጥ እግር ፍም የረገጥኩ ያህል ያቃጥለኛል። ይህን ለሰው ስነግር የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «የማይሰማ እግር ደግሞ እንዴት ያማል?» አልፈርድባቸውም። ከመሰላል ላይ ከመውደቄ በፊት ቢነግሩኝ እኔም አላምንም ነበር።

ጉዳቴ የደረት 11ኛው አከርካሪ ላይ ነው። ሐኪሞች ቲ11 ይሉታል። ህብለ ሰረሰሬ ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም። ቀኝ ጭኔ በመጠኑ ይታዘዘኛል፤ ግራው ደስ ሲለው ነው። በ3ኛው ዓመት ላይ ለነርቭ ህመሜ ብዬ በሮቦት፣ ማለትም እግር ላይ ታስሮ በሚያራምድ ማሽን፣ መራመድ ጀመርኩ። 24 ጊዜ ተራመድኩ። ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ስለሆነ ሁሉንም መዝግቤዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ደብተር የወጣ ነው፤ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሮቦቱ ህመሜን አላጠፋውም። የሌሊት ማቃጠሉን ከ0 እስከ 10 በሚለካ ነጥብ በአማካይ ከ7.2 ወደ 5 አውርዶታል። ለጤነኛ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። ለእኔ ግን ሌሊት አራቴ መንቃትና አንዴ መንቃት ማለት ነው።

ለምን ይረዳል ተባለ?

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ ከታች ወደ ላይ የሚሄደው መልእክት ይቋረጣል ወይም ይዛባል። ከጉዳቱ በላይ ያሉት ነርቮች ግን ዝም ብለው አይጠብቁም። ወሬ የራቀው ሰው ወሬ እንደሚፈጥረው፣ እነሱም ማንም ሳይነካቸው መተኮስ ይጀምራሉ። አንጎልም «እግር እየተቃጠለ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። እሳት የለም፤ ህመሙ ግን እውነተኛ ነው። ህብለ ሰረሰራቸው ከተጎዳ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከዚህ ዓይነቱ ህመም ጋር ይኖራሉ።

በሮቦት ስንራመድ ለዚያ ለተራበ ሥርዓት ምት ያለው መልእክት ይገባለታል። ውስጥ እግር መሬት ይጫናል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ጉልበት ይታጠፋል። ይህ በአንድ ቀጠሮ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦች በትሬድሚል ላይ ሲራመዱ፣ ቀላል ንክኪ እንኳ የሚያሳምማቸው ነገር እንደሚቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ክትትላቸውም አጭር ነው። አንዳንዶቹ ህመም ቀነሰ ይላሉ፤ ሌሎቹ ያን ያህል ለውጥ አላዩም። ስለዚህ ሮቦቱን በመድኃኒታችሁ ላይ የሚጨመር ነገር አድርጋችሁ ያዙት። መድኃኒት አስጥላለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ተጠራጠሩ።

ህመማችሁን በስሙ ጥሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ያመኛል» ብሎ ይሄዳል፣ «አሁንም ያመኛል» ብሎ ይመለሳል። የትኛው ህመም?

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ተጠቀሙበት። ያቃጥለኛል፣ ሳማ እንደነካኝ ይለበልበኛል፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ይነዝረኛል፣ በመርፌ ይጠቀጥቀኛል የምትሉት፣ በተለይ ስሜት በሌለው ወይም በደነዘዘው ቦታ ላይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የነርቭ ነው። ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ስንቀሳቀስ ይብሳል፣ ሳርፍ ይሻለኛል የምትሉት ደግሞ ወደ ጡንቻና መገጣጠሚያ ያደላል። ዊልቸር የምንገፋ ሰዎች ትከሻ የታወቀ ነው። ሆድ አካባቢ የሚነፋና የሚቆርጥ ከሆነ ድርቀት ወይም ፊኛ ሊሆን ይችላል።

የነርቩም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጉዳቱ ባለበት ደረጃ ላይ ይመጣል፤ እኔን እንደ ጠበቀ ቀበቶ ወገቤን ጨምድዶ ይይዘኛል። ሌላው ከዚያ በታች፣ እግር ላይና መቀመጫ ላይ ነው።

እኔ ሦስት ነበሩኝ። የእግሩን «ፍም» አልኩት፣ የወገቡን «ቀበቶ»፣ የትከሻውን «ትከሻ»። ለሦስቱም የየራሳቸው አምድ ከፈትኩላቸው። ጥሩ አደረግኩ፤ ምክንያቱም በመጨረሻ የወረደው ፍሙ ብቻ ነው። ቀበቶው 5 ነበር፣ 5 ሆኖ ቀረ። አንድ አምድ ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ «ምንም አልጠቀመኝም» ብዬ ልተወው እችል ነበር።

ከመጀመራችሁ 2 ሳምንት በፊት መዝግቡ

መነሻ የሌለው ሒሳብ አይዘጋም። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ቢያንስ ለ14 ቀን ጻፉ። ከ0 እስከ 10 ነው። 0 ምንም የለም፤ 10 የምታስቡት የመጨረሻው ህመም ነው። ሰዓቱን አትቀያይሩ። እኔ ጠዋት ስነሳ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እና ሌሊት ከነቃሁ የነቃሁበትን እጽፍ ነበር።

ከቁጥሩ ጎን አጭር ማስታወሻ ጨምሩ፦ ስንቴ ነቃሁ፣ ሰገራ ወጣ ወይስ አልወጣም፣ ሽንት ሸተተ ወይስ ደህና ነው፣ እግር ተኮማተረ ወይ፣ መድኃኒት ተረሳ ወይ። የሽንት ኢንፌክሽን ብቻውን የነርቭ ህመምን በሁለትና በሦስት ቁጥር ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ያን ሳምንት ሮቦቱን ብትወቅሱት ግፍ ነው።

መድኃኒቱንም በተመለከተ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። እኔ የምወስደው ፕሪጋባሊን ነው። በአሜሪካ ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ለሚመጣ የነርቭ ህመም በ2012 የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱም ብዙ ናቸው። ከሐኪሜ ጋር ተስማምተን በሕክምናው ወራት መጠኑን አልነካነውም። ሮቦቱን እየጀመራችሁ መድኃኒቱንም ብትቀያይሩ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። በራሳችሁ ፈቃድ ግን በድንገት እንዳታቋርጡ፤ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ የሚያዞራችሁ ወይም የሚያስተኛችሁ ከሆነም ለፊዚዮቴራፒስቱ ቀድማችሁ ንገሩ።

ማሽኑ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

አጥንት ዋናው ነው። ከጉዳት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጉዳቱ በታች ያለው አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። በተለይ ጉልበት አካባቢ። እኛ ደግሞ ስብራት ቢደርስብን ላይሰማን ይችላል። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ካልተሠራላችሁ ጠይቁ፤ «ወጣት ነህ፣ ምንም አይልህም» በሚል መልስ እንዳትሸኙ።

ከዚያ ውጪ፣ ያልዳነ ስብራት፣ ያልጸና አከርካሪ፣ የተከፈተ የአልጋ ቁስል፣ እግር ውስጥ የደም መርጋት፣ አልዘረጋ ያለ ዳሌ ወይም ጉልበት ካለ ማሽኑ ይቆይ። ህመሙ በቅርብ ጊዜ ጠባዩን ከቀየረም እንዲሁ። ወደ ላይ ከወጣ፣ እጅ መደንዘዝ ከጀመረ፣ ስታስሉ ከባሰ፣ በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ከጉዳቱ ብዙ ዓመት ቆይቶም ይመጣል። መፍትሔው ኤምአርአይ ነው፤ ሮቦት አይደለም።

ስለ ማሽኖቹ ብዙ አልልም፤ አብዛኛው ሰው ያገኘውን ነው የሚጠቀመው። ሎኮማት የተባለው የስዊስ ማሽን ከትሬድሚል ጋር የተያያዘ ነው፤ ከላይ በመታጠቂያ ያንጠለጥላችኋል፣ እግራችሁን ደግሞ ሁለት የብረት እግሮች ያራምዱታል። እስከ 135 ኪሎ ይሸከማል። ሪዎክና ኢክሶ ገላ ላይ ታጥቀው ወለል ላይ የሚሄዱ ናቸው፤ ወሰናቸው 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክራንች የሚይዝ እጅም ይጠይቃሉ። የሚገርመው፣ ሪዎክን የፈለሰፈው አሚት ጎፈር እጆቹም የተጎዱ ስለሆኑ በራሱ ፈጠራ መራመድ አልቻለም። የጃፓኑ ሃል ደግሞ ከቆዳ ላይ የጡንቻን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ነው የሚያግዘው። የእኔ ትሬድሚል ላይ የሚሠራው ዓይነት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ከመሄዳችሁ በፊት ፊኛችሁን ባዶ አድርጉ። የሰገራ ፕሮግራማችሁን በዚያው ቀን ከቀጠሮው ጋር አታጋጩት። ስፌቱ ወፍራም ያልሆነ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ሱሪ ልበሱ። ጂንስ አይሆንም። የሽንት ከረጢት ካላችሁ ቱቦው በማሰሪያ ስር እንዳይታጠፍ እዩ።

ቀጠሮው አንድ ሰዓት ቢባልም የመጀመሪያ ቀን የምትራመዱት 10 ወይም 15 ደቂቃ ነው። የቀረው መለካት ነው። ጭን ተለካ፣ ቅልጥም ተለካ፣ ዳሌ ተለካ። ሰልችቶኝ «አንቺ ልጅ፣ ልብስ ልትሰፊልኝ ነው ወይ?» አልኳት። ፊዚዮቴራፒስቷ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። «ጋሼ፣ ጉልበትዎ ከሮቦቱ ጉልበት ጋር ትክክል ካልገጠመ ሮቦቱ ወደ አንድ ጎን፣ እርስዎ ወደ ሌላ ጎን ነው የምትታጠፉት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጫነጭኩም። መለካቱን ለሚያቻኩል ሰው እግራችሁን አትስጡ።

መታጠቂያው ብሽሽት ላይ ነው የሚያስቸግረው። ስትንጠለጠሉ ወደ ላይ ይሳባል። ስሜት ከሌላችሁ በዓይናችሁ እዩ ወይም ሰው እጁን ከስሩ አስገብቶ ያረጋግጥ። ለወንዶች ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሦስት ነገሮች ይስተካከላሉ። ስንት ክብደት ከላይ እንደተያዘ፣ ፍጥነቱ፣ እና ሮቦቱ ምን ያህል እንደሚያግዝ። እኔ ክብደቴ ግማሹ ተንጠልጥሎ፣ በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር ነው የጀመርኩት። ቁጥሮቹን በየቀጠሮው ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ «ዛሬ ትንሽ ጨምረናል» የሚለው ለደብተር አይሆንም።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ራሴን ለማሽኑ አስረክቤ እንደ ሻንጣ ተንጠለጠልኩ። ያራምደኛል፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። ልጅቷ መስታወት አምጥታ ፊቴ ገተረችው። «ጋሼ፣ ግራዎን ሲያነሳ እርስዎም ያንሱት። ባይነሳም ያንሱት።» የማይታዘዝ እግርን ለማንሳት መሞከር እንዴት እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መራመዱ የእኔም ሆነ።

የካልሲው ጉዳይ

በአምስተኛው ቀጠሮ እግሬ ይበርዳል ብዬ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አደረግኩ። ሲያስሩኝ ተረከዜ ላይ ካልሲው ተሸብሽቦ ነበር። ማንም አላየውም፤ እኔም አልተሰማኝም። 30 ደቂቃ ተራመድኩ። ማታ ስፈትሽ ተረከዜ ላይ ሳንቲም የሚያክል ጠቆር ያለ ቦታ አገኘሁ። በጣቴ ተጫንኩት፤ ቀለሙ አልተለወጠም። ዳሰስኩት፤ ከዙሪያው ሞቅ ይላል፣ ጠጠር ይላል። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። 11 ቀን ከማሽኑ ራቅኩ።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ መጽሐፍ ላይ «መቅላቱን እዩ» ይላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደልብ አይታይም። ስለዚህ ዳብሱ። መሞቅ፣ መጠጠር፣ ማበጥ፣ ከዙሪያው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ማለት፣ መቅላት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ብሽሽት፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚትና ተረከዝ ይታዩ። ምልክቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ በሚቀጥለው ቀን መራመድ የለም።

ሁለተኛው የገረመኝ ነው። በዚያ ሳምንት ፍሙ ወደ 8 ወጣ። ተረከዜ አይሰማኝም፣ ቁስሉን አላውቀውም፣ ግን ሰውነቴ አውቆታል። በእግር ህመም ቋንቋ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ህመሜ ያለ ምክንያት ሽቅብ ሲወጣ ክኒን ከመፈለጌ በፊት ገላዬን እፈትሻለሁ፦ ቆዳ፣ ፊኛ፣ ሆድ፣ የጣት ጥፍር፣ ጫማ። ካልሲም ስስ፣ ስፌቱ ወደ ውጪ የተገለበጠ፣ በእጅ ተወጥሮ የተስተካከለ ብቻ።

ቁሙ! የሚባልባቸው ጊዜዎች

ይህን ክፍል ለሚሸኛችሁም ሰው አንብቡለት።

ጉዳታችሁ ቲ6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የደም ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ምልክቱ ራስን የሚፈልጥ ህመም፣ ፊት መጋልና ማላብ ነው፤ ከወትሮው በ20 እና ከዚያ በላይ የወጣ ግፊት ይታያል። ማሽኑ ይቁም። ቀጥ አድርገው ያስቀምጧችሁ፤ አያስተኟችሁ። ማሰሪያው ሁሉ ይላላ። የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) ታጥፎ እንደሆነ፣ ፊኛ ሞልቶ እንደሆነ፣ የሚቆነጥጥ ነገር ካለ ይታይ። ቶሎ ካልወረደ የድንገተኛ ሕክምና ነው። ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

የተገላቢጦሹም አለ። ከመቀመጫ ወደ መቆም ስትወጡ ግፊት ይወርዳል፤ ዓይን ይጨልማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ ፊት ይገረጣል። ያን ጊዜ ጋደም ማለትና እግርን ከፍ ማድረግ ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ፤ ሲያሻቅብ ቁጭ፣ ሲወርድ ጋደም።

አንድ እግር ከሌላው ይልቅ ካበጠና ከሞቀ ደግሞ አትራመዱ፣ አታሹትም። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ማሽኑ ላይ ያለው እፎይታ አያታላችሁ

እየተራመድኩ ሳለ ፍሙ 2 ይሆን ነበር። አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። በደስታ ብዛት ለቤት ሰው ስልክ ደወልኩ። ማታ ተመለሰ። በመራመድ ላይ ትኩረት ሌላ ቦታ ነው፣ ሰውነት ይሞቃል፣ ሰው ያበረታታችኋል። ያ ሁሉ ህመምን ይቀንሳል፤ ጥሩ ነው። ግን መለኪያችሁ ሌሊቱ ይሁን።

ከቀጠሮ በኋላ ባለው ቀን ህመም ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ። የእኔ ሕግ ይህ ነበር፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ወትሮው ከተመለሰ እቀጥላለሁ። ከዚያ ካለፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደቂቃ እንቀንሳለን። ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ ሐኪሙ ይሰማል።

በሳምንት 3 ቀን ነበር የምሄደው። እስከ ስምንተኛው ቀጠሮ ድረስ ደብተሬ ላይ ምንም የለም፤ 7፣ 8፣ 7፣ 7። ልተወው ነበር። ከአሥረኛው ወዲያ 6 ማየት ጀመርኩ። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት አትፍረዱ። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ግን ቁጭ ብላችሁ አማካዩን ሥሩ። ከመነሻው በ2 ቁጥር ወይም በ30 በመቶ የወረደ ከሆነ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። ፍንክች ካላለ ደግሞ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡና በግልጽ ተነጋገሩ። ለአንዱ የሠራ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ገንዘባችሁና ትከሻችሁም ይደክማል።

ሲያልቅ

ማንም ያልነገረኝ ይህንን ነው። 24ኛው ቀን አጨበጨቡልኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቤቴ ገባሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፍሙ ወደ 6 ተመለሰ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት በፊት «ከዚህ በኋላስ ቤት ምን እሠራለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍም ተቀበሉ። እኔ አሁን የመቆሚያ ፍሬም ላይ በቀን 40 ደቂቃ እቆማለሁ፤ የእጅ ብስክሌት በሳምንት 3 ቀን እዘውራለሁ። የቆምኩባቸውን ሳምንታት ካልቆምኩባቸው ጋር ሳስተያይ አንድ ቁጥር ያህል ልዩነት አለ። ሮቦቱን አይተካም፤ ግን በየቀኑ ቤቴ አለ።

ደብተሩ አራተኛው ላይ ደርሷል። የትናንቱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ፍም 5፣ ቀበቶ 5፣ ትከሻ 3። አንዴ ነቃሁ። ቆሜያለሁ 40 ደቂቃ። ተረከዝ ደህና።»